የማስታወስ ኃይልና ሙሉ ሰው መሆን
(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



«መሐንዲስን ስለ ሰው አእምሮ ምን አገባው?» የሚል አድማጭ ይኖር ይሆናል። ነገር ግን የሙያችን መሠረት ፊርማ ነው። ዛሬ የፈረምንበትን ፕላን ከ10 ዓመት በኋላ «የእኔ ነው» ብለን እንድንቆምለት ይጠበቅብናል። ለአካለ መጠን መድረስ በዕድሜ ቢቆጠርም፣ ሙሉ ሰው መሆን ግን በሠሩት ሥራ መጠየቅ ነው። እንግዲህ የትናንት ሥራውን የማያስታውስ ሰው በምን ሙሉ ሰው ይባላል?

እንግሊዛዊው ፈላስፋ ጆን ሎክ በ17ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ የሰውን ማንነት የመሠረተው፣ ሰው ያለፈ ሥራውን የራሱ አድርጎ በሚያውቅበት ኅሊና ላይ ነበር። ይህን ሐሳብ የሚፈትን ታሪክ በአሜሪካ ተፈጽሟል፤ የምጠቅሳቸው ዘመኖች በኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሄንሪ ሞሌይሰን በ1926 ተወለዱ። ብርቱ የሚጥል በሽታ ስለ ነበረባቸው በ1953 ዶክተር ዊልያም ስኮቪል ሂፖካምፐስ ከተባለው የአንጎል ክፍል ከፊሉን ከግራም ከቀኝም ቆርጠው አወጡላቸው። በሽታው ቀለለ፤ ከዚያ ወዲህ ግን አዲስ ነገር በአእምሯቸው መያዝ ተሳናቸው። ለዓመታት ያጠኗቸውን ብሬንዳ ሚልነርን እንኳ በተገናኙ ቁጥር እንደ እንግዳ ይቀበሏቸው ነበር። በአንድ ወቅት የሲጋራ መለኮሻዎችን በካርቶን ላይ የመግጠም ሥራ ተሰጣቸው። ወራት ከሠሩ በኋላም ሥራው ምን እንደ ሆነ መናገር አልቻሉም።

ይሁን እንጂ የማሰብ ችሎታቸውና ትሕትናቸው አልጠፋም። በመስተዋት እያዩ ኮከብ እንዲስሉ ሲደረግ፣ ቀድሞ መሥራታቸውን ባያውቁም እጃቸው ከቀን ወደ ቀን እየሠለጠነ ሄደ።

ሎክን እስከ መጨረሻው ከተከተልን፣ እኒህ ሰው ከ1953 በኋላ ማንም አይደሉም ልንል ነው። እኔ ይህን አልቀበልም። አባቶቻችን «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» ሲሉ፣ የሰው ሥራ በሠሪው ልብ ብቻ እንደማይመዘገብ መስክረዋል። በደል በተበደለው ዘንድ እንደሚኖር ሁሉ፣ ውለታም በተቀበለው ዘንድ ይኖራል። ስለዚህ የረሳ ሰው ማንነት በሚያውቁት ሰዎች እጅ ያለ አደራ ነው።

አደራው ግን ከባድ ነው። ሄንሪ በ2008 እስኪሞቱ ድረስ 50 ዓመት ያህል ተጠንተዋል። ትናንት መፍቀዱን የማያውቅ ሰው ፈቃዱን እንዴት ያነሣል? እንዲህ ያለው ሰው በራሱ ላይ የመወሰን ሥልጣኑ እንደ ጎደለ መካድ አይገባም። የጎደለውን የሚሞላለት ጠባቂ ያስፈልገዋል፤ ጠባቂው ግን ጌታው አይደለም።

ነገሩ ከእኛም የራቀ አይደለም። በዕድሜ ምክንያት የሠሩትን ድልድይ የሚረሱ አንጋፋ ባለሙያዎች ያጋጥሙናል። ያን ጊዜ አንቱታውን ወደ አንተ አናውርደው፤ እንደ ሕፃን አንቆጣቸው፤ የሚመለከታቸውንም ጉዳይ እነርሱን ሳንጠይቅ አንወስን። ድልድዩ የእርሳቸው ሥራ መሆኑን ማስታወስ፣ ከዚያ ወዲያ የእኛ ግዴታ ነው።