ትልልቅ ውሾችና ትንንሽ ልጆች በአንድ የድንኳን ሠፈር

(ለዓመታዊው የቤተሰብ ጉዞ መሰናዶ በተጠራው ስብሰባ ላይ ለአባላት የተደረገ ንግግር)



 ርዕሱ ለአንዳንዶቻችሁ ቀልድ ሊመስል ይችላል። «ስንት የሚያነጋግር ነገር እያለ ስለ ውሻ እንሰብሰብ?» ያለኝ ወንድም አለ። ነገር ግን ማኅበራችን ባለፉት 10 ዓመታት ካከናወናቸው ሥራዎች ሁሉ ልጆቻችን በጉጉት የሚጠብቁት በሸናንዶዋ ተራሮች የምናደርገውን የድንኳን ጉዞ ነው። ዘንድሮ አንዳንድ ቤተሰቦች «ውሾቹ ከመጡ እኛ እንቀራለን» ሲሉ፣ ሌሎች ደግሞ «ውሻችን ከተከለከለ እኛም አንመጣም» ብለው ለኮሚቴው አስታውቀዋል። እንግዲህ ነገሩ የውሻ ብቻ መሆኑ ቀርቶ የአብሮነታችን ጉዳይ ሆኗል ማለት ነው።

ሁለቱም ወገኖች በቂ ምክንያት አላቸው። አብዛኞቻችን ባደግንበት አገር ውሻ የግቢ ዘበኛ ነው። ቀን ታስሮ ይውላል፣ ሌሊት ይፈታል። በሩ ላይ «ኃይለኛ ውሻ አለ» የሚል ጽሑፍ ይለጠፋል። የእብድ ውሻ በሽታም የተረት ታሪክ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገልጸው፣ በሽታው ወደ ሰው ከሚተላለፍባቸው አጋጣሚዎች እስከ 99 ከመቶ የሚሆነው በውሻ ምክንያት ነው። ምልክቱ አንዴ ከታየ በኋላ ደግሞ መዳን የለም ማለት ይቻላል። ስለዚህ አንዲት እናት ውሻ ሲመጣ ልጇን ብድግ አድርጋ ብታቅፍ «አላዋቂ» ልትባል አይገባም። ከዚህም በላይ ከሙስሊም ወንድሞቻችንና እህቶቻችን ብዙዎቹ የውሻ ምራቅ የነካውን ልብስ ሳያጥቡ አይሰግዱም። ይህም ሊከበር የሚገባው ነው።

በሌላ በኩል እዚህ ተወልደው ያደጉ ልጆቻችን ውሻን የሚያውቁት በቤት ውስጥ ነው። ያበሉታል፣ ያጥቡታል፣ በየጠዋቱ ያንሸራሽሩታል። ለእነርሱ የቤተሰቡ አባል ነው። «ጥለነው እንሂድ» ስንላቸው ማልቀሳቸው የሚያስገርም አይደለም።

የውሻው ትልቅነት ብቻውን ጥፋት እንዳልሆነም መናገር ይገባል። በታክሲ ሥራ ላይ የተሰማራን አባላት እንደምናውቀው፣ እ.ኤ.አ. በ1990 በወጣው የአካል ጉዳተኞች ሕግ መሠረት፣ በመሪ ውሻ የሚጓዝን ዓይነ ሥውር ተሳፋሪ «አልጭንም» ማለት ክልክል ነው። እነዚህ ውሾች አብዛኞቹ ትልልቆች ናቸው። ሆኖም ገብተው ከጌታቸው እግር ሥር ይተኛሉ፣ ድምፃቸው ሳይሰማ ይወርዳሉ። ይህ ጠባይ ከሥልጠናና ከጥሩ አያያዝ የመጣ ነው። ማንም ውሻ ከእናቱ ማሕፀን ይዞት አይወጣም።

ታዲያ መፍትሔው ምንድን ነው? እኔ የማምንበት አንድ ነገር ነው፤ ይኸውም ኃላፊነቱን የሚሸከመው ውሻውን ያመጣው ሰው ነው። የፈራው ልጅ ፍርሃቱን እንዲያስረዳ ሊጠየቅ አይገባውም። «ኧረ አይናከስም! ተጫዋች ነው!» የሚለውን ቃል ሁላችንም ሰምተነዋል። ይህ ቃል ለተናጋሪው እውነት ነው፤ ለሰሚው ግን ምንም አያረጋግጥለትም። «የሚጮህ ውሻ አይናከስም» የሚለው ተረትም ቢሆን ለሰው ጠባይ የተነገረ እንጂ ለውሻ ጠባይ የሚያገለግል ምክር አይደለም።

እስቲ በክብደት እንየው። አንድ የ5 ዓመት ልጅ 40 ፓውንድ ያህል ይመዝናል። ወንድ የጀርመን እረኛ ውሻ ከ65 እስከ 90 ፓውንድ፣ ሮትዋይለር ደግሞ ከ95 እስከ 135 ፓውንድ ይደርሳል። እንዲህ ያለው ውሻ ለመናከስ ሳይሆን በደስታ ብቻ ቢዘል ልጁን ይጥለዋል። በድንኳን ሠፈር ውስጥ ደግሞ ልጁ የሚወድቅበት ቦታ እሳት፣ የፈላ ጀበና ወይም የድንኳን ካስማ ሊሆን ይችላል። የልጅ ፊት ከትልቅ ውሻ አፍ ጋር እኩል ስለሆነ፣ ትንንሽ ልጆች ሲነከሱ ብዙውን ጊዜ የሚጎዱት ፊታቸው፣ ጭንቅላታቸውና አንገታቸው ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚነክሳቸውም የሚያውቁት ውሻ እንጂ የባዕድ ውሻ አይደለም።

የምንሄድበት ፓርክ ደንብ በዚህ ረገድ ግልጽ ነው። በአሜሪካ ብሔራዊ ፓርኮች ውሻ ርዝመቱ ከ6 ጫማ በማይበልጥ ማሰሪያ መያዝ አለበት። ይህ 2 ሜትር አይሞላም። እየተሳበ የሚረዝመው ማሰሪያ ከዚህ በላይ ከተለቀቀ ደንቡን ይጥሳል። ውሻን አንድ ነገር ላይ አስሮ፣ ጠባቂ ሳይኖር ትቶት መሄድም የተከለከለ ነው። ዐይነ ምድሩን ባለቤቱ አንስቶ መጣል አለበት። ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት የጸጥታ ጊዜ ስለሆነ፣ ሲጮህ የሚያድር ውሻ ሠፈሩን በሙሉ ይበድላል። በሸናንዶዋ አብዛኛው የእግር መንገድ ለውሻ የተፈቀደ ነው። ነገር ግን ወደ ኦልድ ራግ ተራራ፣ ወደ ዳርክ ሆሎው ፏፏቴ፣ እንዲሁም በስቶኒ ማንና በሊምበርሎስት መንገዶች ውሻ ይዞ መግባት አይቻልም።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ወደ ፏፏቴው ለመሄድ ሲባል ውሻውን መኪና ውስጥ ዘግቶ መተው እንደ መፍትሔ አይቆጠርም። የውጭው ሙቀት 70 ዲግሪ ፋራናይት ብቻ ሲሆን፣ የተዘጋ መኪና ውስጥ በ30 ደቂቃ 104 ዲግሪ ሊደርስ ይችላል። ውሻውን ይገድለዋል። ስለዚህ ከቤተሰቡ አንድ ሰው በተራ አብሮት መቅረት አለበት።

የሚከተሉትን ደግሞ ውሻ ያላችሁ አባላት ከወዲሁ እንድታስቡባቸው አደራ እላለሁ።

አንደኛ፣ ውሻችሁ ከቤት ውጭ አድሮ የማያውቅ ከሆነ የመጀመሪያ ፈተናው 60 ሰው በተሰበሰበበት ጫካ ውስጥ አይሁን። በጓሮ ድንኳን ተክላችሁ አንድ ሌሊት አብራችሁት እደሩ። በስሙ ሲጠራ የማይመጣ፣ ሰው ላይ የሚዘል ወይም ምግቡን ሲነኩበት የሚያጉረመርም ከሆነ፣ ለዘንድሮ በክፍያ ውሻ በሚያሳድሩ ቦታዎች መተው ለእርሱም ለእናንተም ይሻላል።

ሁለተኛ፣ ድንኳናችሁን ወደ መጸዳጃና ወደ ውኃ ቧንቧ ከሚወስደው መንገድ ራቅ አድርጋችሁ ትከሉ። ልጆች በሌሊት በባትሪ ብርሃን የሚያልፉት በዚያ ነውና። ውሻውን ልጆች ከሚበሉበት ጠረጴዛ እግር ላይ አትሰሩት። ገመዱ መንገድ ላይ እንዳይደርስም በእርምጃ ለኩት።

ሦስተኛ፣ የምግብ ነገር። በሸናንዶዋ ጥቁር ድብ አለ። በመሆኑም የውሻው ምግብ ጭምር እንደ ሰው ምግብ መኪና ውስጥ ወይም በፓርኩ የብረት ሣጥን ውስጥ ይቆለፋል። ዶሮ ወጥም ለውሻ መርዝ ነው ብል አላጋነንኩም። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሴሎች ያበላሻሉ። የተቀቀለ የዶሮ አጥንት ተሰንጥሮ አንጀቱን ሊወጋው ይችላል። ስለዚህ ልጆች ለውሻ እንዳያጎርሱ አጥብቃችሁ ንገሯቸው። ከልጅ እጅ መብላት የለመደ ትልቅ ውሻ ሳይሰጠውም ከልጅ እጅ ይነጥቃል።

አራተኛ፣ ውሻው ወደ ድንኳን ከመግባቱ በፊት መዥገር እንዳልያዘ ፈትሹት። በዚያ አካባቢ መዥገር የላይም በሽታን ያስተላልፋል።

ውሻ የሌለን ወላጆችም የራሳችን ድርሻ አለን። ልጆቻችን ውሻ ሲመጣ እንዳይሮጡና እንዳይጮሁ እናስተምራቸው፤ የሚሮጥ ነገር ውሻን ለማሳደድ ይጋብዛል። እንደ ዛፍ ቀጥ ብለው ይቁሙ፣ እጃቸውን ወደ ታች ያድርጉ፣ ዓይናቸውን ወደ እግራቸው ይመልሱ። ከወደቁም ተጠቅልለው አንገታቸውንና ጆሯቸውን በእጃቸው ይሸፍኑ። ድንጋይ መወርወር ሀገር ቤት የለመድነው መከላከያ ቢሆንም እዚህ ጠብን ያመጣል። ውሻ መንካት የፈለገ ልጅ መጀመሪያ ባለቤቱን ይጠይቅ፤ ከተፈቀደለት ውሻው እስኪያሸተው ይጠብቅ፤ ከዚያም ጭንቅላቱን ሳይሆን ትከሻውን ይዳብስ። ጅራት መወዝወዝ ሁልጊዜ የወዳጅነት ምልክት አይደለም። ሰውነቱ የደረቀ፣ የዓይኑ ነጭ ጎልቶ የወጣ፣ ደጋግሞ ከንፈሩን የሚልስ ውሻ «ተዉኝ» እያለ ነው። የሚበላና የተኛ ውሻም አይነካም።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ተደርጎ አደጋ ቢደርስስ? ቁስሉን ወዲያውኑ በሳሙናና በሚፈስ ውኃ ለ15 ደቂቃ ማጠብ፣ ቀጥሎም ሐኪም ዘንድ መሄድና ለፓርኩ ሬንጀሮች ማሳወቅ ያስፈልጋል። የውሻው ባለቤት ያለ ክርክር የክትባት ወረቀቱን ያቅርብ። በቨርጂኒያ ሕግ 4 ወር የሞላው ውሻ ሁሉ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ሊኖረው ይገባል። ከውሻ ወደ ውሻ የሚተላለፈው የበሽታው ዓይነት ከአሜሪካ መጥፋቱ የተገለጸው እ.ኤ.አ. በ2007 ነው። ቢሆንም በራኩን፣ በቀበሮና በሌሊት ወፍ ላይ በሽታው ዛሬም አለ። እኛ እርስ በርስ ስንሆን «ዘመድ ነው፣ ይቅር ለእግዚአብሔር» ብሎ ማለፍ ይቀናናል። ይቅርታው መልካም ነው። ሽማግሌ ጠቡን ያበርዳል እንጂ ቁስሉን ስለማያክም፣ ሕክምናው በይሉኝታ መቅረት የለበትም።

በመጨረሻም ለኮሚቴው የሚከተለውን ሐሳብ አቀርባለሁ። ውሻ የሚያመጣ ቤተሰብ ሲመዘገብ የውሻውን ዓይነትና ክብደት ያስታውቅ፣ የክትባት ወረቀቱንም ቅጂ ይስጥ። ውሻ ያላቸው ቤተሰቦች በሠፈሩ አንድ ጫፍ ተጠጋግተው ይስፈሩ፣ የሚፈሩት በሌላው ጫፍ ይሁኑ። ሁላችንም በአንድነት በምንቀመጥበት የራትና የቡና ሰዓት ውሾች ወደዚያ አይቅረቡ፤ ባለቤቶቹ ግን ከማዕዱ እንዳይለዩ ተራ ጠባቂ ይመደብ። ለዚህ ተራ እኔ ውሻ ባይኖረኝም የመጀመሪያው ተመዝጋቢ ነኝ። ሌሎች ውሻ የሌላችሁም እንድትመዘገቡ እጠይቃለሁ። በዚህ ዓይነት የተለየው ውሻው ብቻ ይሆናል እንጂ ቤተሰቡ አይለይም።

ይህን ብናደርግ ባለ ውሻው «ተገለልኩ» አይልም፣ የፈራውም «ተናቅሁ» አይልም። 10 ዓመት ሙሉ በሃይማኖት፣ በብሔረሰብና በፖለቲካ ያልተለያየን ሰዎች በ6 ጫማ ገመድ ልንለያይ አይገባም። ገመዱን በእጃችን አጥብቀን ከያዝነው፣ ሁሉም ልጆች በአንድ እሳት ዙሪያ ያመሻሉ።