ስለ ቤት ሠራሹ የሸክላ ማጫወቻ
(በትምህርት ቤታችን በዓል ቀን የተሰማ ንግግር)



ይህ ከፊታችሁ ያለው የሸክላ ማጫወቻ ከሱቅ የተገዛ ሳይሆን እኛው የሠራነው ነው። ሸክላው በእርሳስ ላይ ተሰክቶ በእጅ ይዞራል፤ ጫፉ ላይ የልብስ መርፌ የተሰካበት የወረቀት ጥሩምባም ድምፁን ያወጣል። መርፌው በሸክላው ትልም ውስጥ ሲሄድ ይንቀጠቀጣልና ወረቀቱም አብሮት ይንቀጠቀጣል። ኤሌክትሪክ አያሻም፤ ኤዲሰን እ.ኤ.አ. በ1877 የሠራው መሣሪያም በእጅ የሚዞር ነበር።

ሸክላው በደቂቃ 33 ጊዜ ከሲሶ መዞር ሲገባው እጃችን አንዴ ይቸኩላል፣ አንዴ ይሰንፋል። ዘፋኙም ድምፁ አንዴ እንደ ሕፃን ይቀጥናል፣ አንዴ እንደ ሽማግሌ ይወፍራል። «ይህ ጩኸት እንጂ ምን ሙዚቃ ነው?» ያሉን ወላጆች አሉ። ነገር ግን ፒየር ሼፈር የተባለው ፈረንሳዊ እ.ኤ.አ. በ1948 የባቡር ድምፅ በሸክላ ቀድቶ፣ ፍጥነቱን እየለወጠና እየደጋገመ የሙዚቃ ድርሰት አድርጎታል። ግብፃዊው ሐሊም ኤል ዳብህ ከእርሱም 4 ዓመት ቀድሞ በካይሮ የዛር ዜማ በሽቦ መቅጃ ቀርጾ ድምፁን ለዋውጦታል፤ ይኸው ሰው ኋላ አዲስ አበባ መጥቶ በዩኒቨርሲቲ አስተምሯል።

የቤታችሁን ደኅና ሸክላ ግን አታምጡልን፤ የልብስ መርፌ ትልሙን ይፍቀዋል። የእኛው ተጭሮ የተጣለ ነው። አሁን እናዞረዋለን፤ ድምፁ አነስተኛ ስለ ሆነ ከኋላ ያላችሁ ቀረብ በሉልን።