ዝም ያለው ጥርስ

ሌሊቱን ሙሉ እንደ ልብ ትርታ ሲወጋ ያደረ ጥርስ ንጋት ላይ በድንገት ጸጥ ሲል፣ ሕመምተኛው ጥርሱ ላይ ያደረገው ቅርንፉድ የፈወሰው መስሎት ፈጣሪውን ያመሰግናል፤ ነገር ግን ሕማሙ የተወው በጥርሱ ውስጥ ያለው ነርቭ ስለ ሞተ ሊሆን ይችላልና፣ መግል ከሥሩ በታች በስውር አጥንቱን እየበላ ይሰነብታል። ድድ ላይ ብጉር የመሰለ እብጠት፣ ሲያኝኩበት የሚያም ጥርስ፣ የአፍ መምረር የዚሁ ደዌ ምልክቶች ናቸው፤ ሐኪምም መግሉን አፍስሶ ሥሩን ካላጸዳ ወይም ጥርሱን ካልነቀለ በቀር፣ ፀረ ተሕዋስያን ኪኒን ብቻውን ምንጩን አያደርቀውም። እብጠቱ ወደ ዓይን ሲወጣ ወይም ወደ አንገት ሲወርድ፣ ትኩሳት ሲጨመርበት፣ አፍ መክፈት፣ ምራቅ መዋጥ ወይም መተንፈስ ሲያስቸግር ግን፣ እባካችሁ፣ ሌሊትም ቢሆን፣ በዓልም ቢሆን፣ ሕመምተኛውን ፈጥናችሁ ሆስፒታል አድርሱት።