ስለ ገንዘብ አያያዝና ስለ ሥራ ልጆቻችንን ማስተማር የሚገባን ስለ መሆኑ (በደብራችን የኢዮቤልዩ በዓል የተነገረ ቃል)



በዚህ ታላቅ በዓል ጥቂት ቃል እንድናገር በታዘዝሁ ጊዜ ደስም አለኝ፤ ፈራሁም። ደስ ያለኝ በመታዘዜ ነው። የፈራሁት ግን፣ ሰው ሁሉ ስለ ደብሩ ታሪክና ስለ ታቦቱ ክብር ይናገራል ብሎ ሲጠብቀኝ እኔ ስለ ብር ልናገር የመጣሁ ስለ ሆነ ነው። ዳሩ ግን ኢዮቤልዩ የሚለው ስም ራሱ ጠበቃ የሚቆምልኝ ይመስለኛል። በኦሪት ዘሌዋውያን እንደምናነበው፣ ሃምሳኛው ዓመት በደረሰ ጊዜ ቀንደ መለከት ይነፋ ነበር፤ በችግር የተሸጠው ርስት ወደ ባለቤቱ ይመለስ ነበር፤ ከድህነቱ የተነሣ ራሱን የሸጠውም ሰው ነጻ ወጥቶ ወደ ወገኖቹ ይገባ ነበር። እንግዲህ ኢዮቤልዩ ከጥንት ከመሠረቱ የመሬትና የዕዳ ነገር ነው። ዛሬ በሆሳዕና፣ በዱራሜ፣ በሾኔ፣ በሺንሺቾና በአንገጫ የአባቱን መሬት አሽጦ ራሱን ለደላላ አሳልፎ የሚሰጠው ማን እንደ ሆነ ሁላችን እናውቃለን። የእኛው ልጅ ነው።

ወደ ደቡብ አፍሪካ የሚደረገው ጉዞ ከተጀመረ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖታል። ልጁ በሞያሌ በኩል ወጥቶ ኬንያንና ታንዛኒያን፣ ከዚያም ማላዊን ወይም ዛምቢያን እያቋረጠ ይሄዳል። በደኅና የደረሰው ለወላጆቹ ቤት ሠርቷል፤ ታናናሾቹን አስተምሯል፤ በከተማችን ከበቀሉት ፎቆችም ብዙዎቹ ከዚያ በተላከ ገንዘብ የቆሙ ናቸው። ለዚህ ደብር ጣሪያ ቆርቆሮ ከሰጡት መካከል እዚያ ያሉ ልጆቻችን አሉበት፤ ስለዚህ ሄደው ምንም አልጠቀሙም ብዬ አልዋሽም። ያልደረሱትን ግን ማን ይቍጠራቸው? በ2012 ዓ.ም. በመጋቢት ወር በሞዛምቢክ ቴቴ በምትባለው አገር በአንድ የጭነት መኪና ሳጥን ውስጥ 64 ኢትዮጵያውያን አየር አጥተው ሞተው ተገኙ። በ2015 ዓ.ም. በታኅሣሥ መጀመሪያ ደግሞ በዛምቢያ በሉሳካ አጠገብ የ27 ሰዎች ሬሳ በመንገድ ዳር ተጥሎ ተገኘ፤ እነርሱም ኢትዮጵያውያን ናቸው ተባለ። ከዚህ ጉባኤ መካከል የልጁን ድምፅ ከሰማች ዓመታት ያለፉባት እናት እንዳለች አውቃለሁና ስለ እርሷ ብዬ ይህን ነገር አላረዝመውም።

እኔ ልጆቹን አትሂዱ ብዬ ለመገዘት አልመጣሁም። በጌታችን ምሳሌ ግንብ ሊሠራ የወደደው ሰው አስቀድሞ ተቀምጦ ወጪውን መቍጠር እንዲገባው ተነግሯል። የእኛ ልጅ ግን ተቀምጦ መቍጠርን ማን አስተማረው? በትምህርት ቤት የቍጥር ትምህርት ተምሯል፤ ከደላላ ጋር ሲነጋገር ግን ያ ትምህርት ትዝ አይለውም። በቅኔ ቤት ሰምና ወርቅ እንላለን፤ የደላላ ቃል ግን ሰም ብቻ ነው፤ ወርቁን ራሱ ደላላው ይዞት ይሄዳል።

እኔም ብሆን በዚህ ነገር ንጹሕ አይደለሁም። የቅኔ ተማሪ ሳለሁ አኩፋዳዬን አንግቤ ለምኜ እበላ ነበርና ብር የሚባል በእጄ አይገባም ነበር። ቅኔ መቍጠር ተማርሁ እንጂ ገንዘብ መቍጠር አልተማርሁም። በ24 ዓመቴ በአንድ ደብር መምህር ሆኜ ደመወዝ መቀበል በጀመርሁ ጊዜ፣ ከአንድ ነጋዴ እህልና ዘይት በዱቤ እወስድ ነበር። ወሩ ሲያልቅ ነጋዴው መዝገቡን ሲያቀርብልኝ፣ የቅኔ መምህር ስለ ሒሳብ ተከራከረ እንዳልባል አፍሬ ሳላነብ እፈርም ነበር። በሁለት ዓመት ውስጥ ዕዳው የወር ደመወዜን ስድስት እጥፍ ሆነ። ነጋዴው አታለለኝ አልልም፤ መዝገቡን አላነበብሁትምና አላውቅም። በገዛ እጄ በብራና የጻፍሁትን ዳዊት ሸጬ ከፈልሁ። ዳዊቱ ዛሬ በማን እጅ እንዳለ አላውቅም፤ የሐረጉን ቀለም ግን እስከ ዛሬ አስታውሰዋለሁ።

ስለዚህ ልጆቻችን ማወቅ ከሚገባቸው ነገር አንዱ ወለድ እንዴት እንደሚያድግ ነው። አንድ ሰው 1,000 ብር በወር ከመቶ 10 ወለድ ቢበደር፣ ወለዱንም ሳይከፍል በዋናው ላይ እየተጨመረ ቢሄድ፣ በዓመቱ የሚጠየቀው 3,138 ብር ገደማ ነው። ይህን በሰሌዳ ላይ ለአንዳንድ ወጣቶች ጽፌ ባሳየኋቸው ጊዜ 2,200 ብር ነው ብለው ተከራከሩኝ። ወለዱ ወለድ እንደሚወልድ አላሰቡም ነበር። ለጉዞ የሚሆነውን ገንዘብ ከአራጣ አበዳሪ ያመጣ ቤተሰብ ልጁ ገና በመንገድ ሳለ ዕዳው እያደገ እንደሚሄድ የሚያውቀው በኋላ ነው።

ሌላውን ትምህርት ለማግኘት ከጓሯችን አንወጣም። የሐድያና የከምባታ እናቶች የእንሰት ተክልን እንዴት እንደሚይዙት ተመልከቱ። እንሰት እንደ በቆሎ በአንድ ክረምት አይደርስም፤ ችግኙ ከቦታ ወደ ቦታ እየተዛወረ እስኪፋቅ ድረስ ብዙ ዓመት ይቈያል። በጓሮው ውስጥ የዘንድሮው ችግኝ፣ የሁለት ዓመቱ፣ የአራት ዓመቱ፣ የደረሰውም በየተራው ቆሞ ይታያል። ብልህ ባለቤት የደረሰውን ትፍቃለች፤ በፋቀችው ፋንታ ትተክላለች፤ ገና ያልደረሰውን ግን እንግዳ ቢመጣባትም አትነካውም። ይህ በደብተር ያልተጻፈ የገንዘብ አያያዝ ትምህርት ነው፤ ከዚህ የሚበልጥ በየትም አገር የሚሰጥ አይመስለኝም። ለአንድ ልጅ ጉዞ ብሎ በሬውንም መሬቱንም ላሟንም በአንድ ሳምንት የሚሸጥ ቤተሰብ፣ ጓሮውን ከነችግኙ እንደ ፈጀ ሰው ነው። እናቲቱ በእንሰቷ የማታደርገውን በልጇ ነገር ስለ ምን ታደርገዋለች? መልሱን እኔ አላውቀውም፤ እናቶች ቢነግሩኝ ግን እወዳለሁ።

ዳሩ ግን ገንዘብ አጠራቅሙ ብቻ ብሎ ማስተማርም ሙሉ እውነት አይደለም። በ2010 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ ለተቀማጭ ገንዘብ የሚከፈለውን ዝቅተኛ ወለድ ከመቶ 7 አደረገው፤ በ2014 ዓ.ም. ግን የዕቃ ዋጋ በዓመት ከመቶ ከ30 በላይ ጨመረ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪው ሥርዓት በተለወጠ ጊዜ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው የአሜሪካ ዶላር በጥቂት ሳምንት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። ብሩን በሣጥን ቈልፎ የተኛ ሰው ብሩ በቍጥር ሳይጐድል በዋጋ ይጐድልበታል። ይህን ሳንነግራቸው አጠራቅሙ ብንላቸው ልጆቹ ሐሰተኞች ይሉናል፤ እውነታቸውንም ነው። የተጠራቀመው ገንዘብ ወደ ዕቃ፣ ወደ ከብት፣ ወደ መሣሪያ፣ ወደ እጅ ሥራ መለወጥ አለበት።

ይህንንም ካነሣሁ ዘንድ ዘወትር የሚያስገርመኝን ነገር ልንገራችሁ። በሆሳዕና ገበያ አንድን ወጣት ብርድ ልብስ ተሸክመህ ከደጅ ወደ ደጅ እየዞርህ ሽጥ ቢሉት፣ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ሱቅ በደረቴ ልሁን? ብሎ ይቈጣል። ያው ልጅ ደቡብ አፍሪካ በገባ ጊዜ ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ የሚያገኘው ሥራ ብርድ ልብስና የአልጋ ልብስ ተሸክሞ በድሆች መንደር ከደጅ ወደ ደጅ እየዞረ በዱቤ መሸጥ ነው። ዛሬ በጆሃንስበርግ ጄፒ በሚባለው መንገድ ባለ ሱቅ የሆኑት ወገኖቻችን ብዙዎቹ ከዚያ ተነሥተው ነው። በዚያም በ2000 ዓ.ም. በግንቦት፣ ደግሞም በ2007 ዓ.ም. በሚያዝያ በውጭ አገር ሰዎች ላይ ሁከት ሲነሣ ሱቃቸው ተዘርፏል። እዚያ የማያሳፍረው ሥራ እዚህ የሚያሳፍረው ዘመድ ስለሚያይ ብቻ ነው። እንግዲህ ጥፋቱ የልጁ ነው ወይስ እያየን የምንስቅበት የእኛ? ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ሠራተኛ በሥራው እንዳይሰደብ አዋጅ አስነግረው ነበር። ከዚያ ወዲህ መቶ ዓመት አልፎ እኛ በዚህ አገር ሸክላ ሠሪውንና ቆዳ ፋቂውን ከማዕድ ስንለይ ኖረን፣ ዛሬ ልጆቻችን እጅ የሚያቆሽሽ ሥራ ጠሉ ብለን እናዝናለን። አናጺ፣ ገንቢ፣ ኤሌክትሪክ ሠሪ፣ ስልክ ጠጋኝ የሚያደርግ ትምህርት በሆሳዕና ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅ ይሰጣል፤ ብዙ ወላጅ ግን ልጁን ወደዚያ የሚልከው የዩኒቨርሲቲው ነጥብ ሲያመልጠው ነው።

ይህን ነገር ለማስተማር ትርፍ የማይፈልጉ ማኅበራት ብዙ ደክመዋል። ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀኝ በከምባታ የወይዘሮ ቦጋለች ገብሬ ሥራ ነው። እኒህ ሴት ከከምባታ ገጠር ወጥተው እስከ አሜሪካ ድረስ ተምረው ሲመለሱ፣ በ1997 እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር ከእኅታቸው ጋር በዱራሜ ከምባቲ ሜንቲ ገዚማ የሚባለውን የሴቶች ማኅበር መሠረቱ፤ በ2012 ዓ.ም. እስካረፉም ድረስ ሠሩበት። የሴት ልጅ ግርዛትን ሊያስተዉ የመጡ ሲሆን፣ አስቀድመው ሕዝቡን ምን ይቸግራችኋል ብለው ጠየቁ፤ ሕዝቡም ድልድይ የለንም፣ ልጆች ትምህርት ቤት፣ ነጋዴም ገበያ መሻገር አልቻሉም አላቸው። እርሳቸውም ድልድዩን አሠሩ፤ ከዚያ በኋላ የሚናገሩትን ሰው ሰማቸው። ሳይጠይቅ የሚያስተምር ሰው ትምህርቱ በአፉ ይቀራል። አንዳንድ ጊዜ ወደ እኛ የሚመጣው የሦስት ቀን ሥልጠና እንደዚህ ነው፤ ልጆቹ ቲሸርትና የምስክር ወረቀት ይዘው ይመለሳሉ፤ በአራተኛው ቀን የሚከታተላቸው የለም።

ደግሞ መልካም ነገር ከጎረቤትም ቢሆን ይወሰዳል። በ1994 ዓ.ም. የቃለ ሕይወት ቤተ ክርስቲያን ከአንድ የእንግሊዝ ማኅበር ጋር በናዝሬት፣ ዛሬ አዳማ በምትባለው፣ የራስ አገዝ ቡድን የሚባለውን ጀመረ። ከ15 እስከ 20 የሚሆኑ ድሆች በየሳምንቱ ተሰብስበው ጥቂት ጥቂት ሳንቲም ያዋጣሉ፤ ከተጠራቀመውም እርስ በርሳቸው ይበደራሉ፤ ወለዱም ለራሳቸው ይቀራል። ከውጭ ገንዘብ አይሰጣቸውም፤ የሚሰጣቸው ምክር ብቻ ነው። የእኛ ዕቁብ ገንዘቡን በተራ ያዞረዋል፤ 20 ሰው በወር 500 ብር ቢያዋጣ ለባለ ተራው 10,000 ብር ይደርሰዋል፤ ነገር ግን ወለድ የለውም፤ ዕጣው የዘገየበት ሰውም በዋጋ መናር ይጐዳል። ሁለቱን አስማምቶ መያዝ ይቻላል። የውጭውን እርዳታ ተማምኖ መቀመጥ ግን እንደማይጠቅም አየን፤ የአሜሪካ መንግሥት የእርዳታ ድርጅት በ2017 ዓ.ም. ሲዘጋ በአገራችን ብዙ ሥራ በአንድ ጊዜ ቆሟል። የቤተ ክርስቲያናችን የልማት ኮሚሽን ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ ብዙ ረድቷል፤ እርሱንም ቢሆን ስለ አንድ ደብተርና ስለ አንድ እርሳስ ማስቸገር አይገባንም።

እንግዲህ የምለምናችሁ ይህን ነው። ሰንበት ትምህርት ቤታችን በየሳምንቱ አንድ ሰዓት ለዚህ ይስጥ። እያንዳንዱ ወጣት ገቢና ወጪውን ዓመት ሙሉ ይጻፍ፤ አምስት ብር እንኳ ቢሆን ይጻፈው። በየቡድናቸው ያዋጡ፤ መዝገቡን ራሳቸው ይያዙ። ሰበካ ጉባኤውም በዓመት አንድ ጊዜ የደብሩን ሒሳብ በፊታቸው አንብቦ ይጠይቁት፤ እኛ አባቶች መጠየቅን የምንፈራ ከሆነ ልጆቹ ደላላን መጠየቅ ከወዴት ይማራሉ? ሴቶች ልጆቻችንንም አንርሳ። ወደ ዐረብ አገር ሄደው የሚልኩት ገንዘብ በስማቸው ሳይቀመጥ በወንድም ሠርግና በቤት ቀለም አልቆ፣ ሲመለሱ ባዶ እጃቸውን የሚቀሩ አሉ። ስለዚህ ትምህርቱ ለሚልከው ብቻ ሳይሆን ለሚቀበለው ወላጅም ነው።

አስተማሪ ከወዴት ይመጣል ላላችሁኝ፣ ከገበያ ይመጣል። ከእኛ ጋር የምታስቀድስ አንዲት ቅቤ ነጋዴ እናት አለች፤ ፊደል አልቈጠረችም፤ የሠላሳ ደንበኛ ዱቤ ግን በቃሏ ይዛ አንድ ቀን አልሳተችም። እሺ ብላኛለች። አናጺውንና ስልክ ጠጋኙንም ጠይቄአለሁ፤ ሁለት ሁለት ልጅ አጠገባቸው ሊያሠሩ ተስማምተዋል። ከደቡብ አፍሪካ ከተመለሱት አንዱም መንገዱን እንዳለ፣ ሳይጨምር ሳይቀንስ፣ ሊነግራቸው ቃል ገብቷል።

የመጀመሪያው ትምህርት በሚመጣው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በአዳራሹ ነው። ደብተር የሌለው ልጅ ወደ እኔ ይምጣ። ከደላላ ጋር ቀን የቈረጠ ልጅ ቢኖርም ይምጣ፤ አንቈጣውም፤ አንከለክለውምም። የሚከፍለውን ገንዘብ፣ የሚሸጠውን መሬትና ከብት፣ የሚበደረውንም ከነወለዱ በሰሌዳው ላይ እንጽፍለታለን፤ እርሱ ራሱም ይደምረዋል።