ሞርሳ ያለበት ጥግ

ቦሌ ሚካኤል ጠዋት ላይ ከአውሮፕላን ድምፅ ቀጥሎ የሚሰማው «ቆራሌው!» ነው። «ቆርቆሮ ያለው» ማለት ነው፤ በአፍ ተሟሽቶ አጠረ። ቅዳሜ አንዱን ቆራሌ ጠርቼ የጋራዤን ግማሽ አራገፍኩለት። መኪና የለኝም፤ ጋራዡ ለዓመታት የአሮጌ ጀሪካን ማደሪያ ነበር።

በሰጠኝ ብር ላይ ጨማምሬ መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ ወረድኩ። እዚያ የተጣለ ብረት ተቀጥቅጦ እንደገና ዕቃ ይሆናል። ያገለገለ ሞርሳ ገዛሁ። ዝገት አያስፈራም፤ በናፍጣና በሽቦ ብሩሽ ይለቃል። የሚታየው ጥርሱ አለመበላቱና ጥምዝዙ አለመላላቱ ነው። ሞርሳ፣ ፒንሳ፣ ካቻቢቴ፦ ጣልያን በ1933 ዓ.ም. ተባሮ ሲሄድ ቃላቱን ጋራዥ ውስጥ ረስቷቸው ቀሩ።

ሞርሳው የተገጠመበት ጠረጴዛ ከግንባታ የተረፈ ጣውላ ነው። ከግድግዳው ጋር በብሎን አሰርኩት፤ አለዚያ ብረት ሲሞረድ አብሮ ይጓዛል። ያልሰሰትኩት ለኤሌክትሪክ ብቻ ነው፤ ኧርዝ ያለው ሶኬት በባለሙያ አስገጠምኩ። ባለቤቴ እንጀራ ስትጋግር ግራይንደር እንዳልነካም ተስማምተናል፤ ሁለቱን አንድ ላይ ቆጣሪው አይችላቸውም።

ዛሬ ምጣዱ አልተጣደም። የጎረቤቴ የበር ማጠፊያ ሞርሳው ላይ ታስሮ እየጠበቀኝ ነው።