ስለ ሰማያዊ ሰንፔር ውበትና ዋጋ



ሰንፔር የሚባለው የከበረ ድንጋይ መጻሕፍትን ለሚያነብ ሰው ስሙ እንግዳ አይደለም፤ በኦሪት ዘፀአት ተጽፎ ይገኛልና። ሊቃውንት ግን የጥንት ሰዎች በዚህ ስም የጠሩት ላፒስ ላዙሊ የሚባለውን፥ የወርቅ ነጠብጣብ የመሰለ ነገር ያለበትን ሌላ ሰማያዊ ድንጋይ ሳይሆን አይቀርም ይላሉ። እንግዲህ ስሙን ብቻ ማወቅ ድንጋዩን ማወቅ አይደለም።

ይህም ነገር ለኢትዮጵያ ሰው ትልቅ ጥቅም አለበት። በ2016 ዓ.ም. መጨረሻ (የዓመቱ ቍጥር ሁሉ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር ነው) በትግራይ በአክሱም አካባቢ ሰማያዊ ሰንፔር ተገኝቷልና። ድንጋዩን ከአፈር የሚያወጣው የአገሩ ሰው ነው፤ ዋጋውን የሚቈርጠው ግን ነጋዴ ነው። ሻጩ የያዘውን ነገር ካላወቀ ገዢው የቈረጠለትን ከመቀበል በቀር ሌላ አማራጭ የለውም።

ሰንፔር ኮረንደም ከሚባለው ማዕድን ወገን ነው፤ ኮረንደምም የአሉሚኒዩምና የኦክሲጅን ውሕደት ነው። ፍጹም ንጹሕ ሲሆን እንደ ውሃ የጠራ፥ ቀለም የሌለው ነው። ጥቂት ብረትና ቲታኒየም ሲገባበት ግን ሁለቱ ተባብረው ከብርሃን ውስጥ ቀዩንና ብጫውን ስለሚውጡት ሰማያዊው ለዓይን ይቀራል። በእነዚህ ፈንታ ክሮሚየም ቢገባበት ያው ማዕድን ቀይ ሆኖ ሩቢ ይባላል።

ዋጋውን ከሁሉ በፊት የሚወስነው ቀለሙ ነው። የጠቈረው ሁሉ ይበልጣል ማለት ስሕተት ነው፤ ብረት የበዛበት ሰንፔር ጠቍሮ ብርሃን ስለማያሳልፍ ዋጋው ይወርዳል። እጅግ የፈዘዘውም እንደዚሁ ነው። የሚመረጠው ቀለሙ ጥልቅ ሆኖ ብርሃን ያለው ነው። በ1881 ዓ.ም. ገደማ በሂማላያ ተራሮች በካሽሚር የተገኘው ሰንፔር እንደ ከፈይ የለሰለሰ ሰማያዊ ስለ ሆነ እስከ ዛሬ እጅግ ይፈለጋል። ልስላሴውም የሚመጣው በውስጡ ያሉት ደቃቅ ነገሮች ብርሃኑን ስለሚበትኑት ነው፤ ስለዚህ በድንጋይ ውስጥ ያለ ባዕድ ነገር ሁሉ ነውር አይደለም። ስንጥቅና በግልጥ የሚታይ ጕድፍ ግን ዋጋውን ይቀንሳሉ።

ከዚህ ቀጥሎ የጠራቢው ሥራ አለ። ሰንፔር ከአንዱ ወገን ሲያዩት ጥሩ ሰማያዊ፥ ከሌላው ወገን ሲያዩት ወደ አረንጓዴ ያዘነበለ ሊሆን ይችላል። ብልህ ጠራቢ መልካሙን ወገን ወደ ላይ ያደርጋል። ክብደቱም የሚቈጠረው በካራት ነው፤ 5 ካራት 1 ግራም ይሆናል። ትልቅና ጥሩ ድንጋይ ብርቅ ስለ ሆነ፥ በመልኩ እኩል ከሆኑት መካከል የ2 ካራቱ ዋጋ ከ1 ካራቱ እጥፍ ይበልጣል።

በሰው እጅ የተሠራም ሰንፔር አለ። ፈረንሳዊው ሊቅ ኦገስት ቬርኔይ በ1902 ዓ.ም. ሩቢን በእሳት ነበልባል የሚሠራበትን ዘዴ ገለጠ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላም ሰንፔር እንዲሁ ተሠራ። በዚህ ዘዴ በተሠራው ውስጥ አዋቂ በአጕሊ መነጽር ሲመለከት የቀለሙ መስመር እንደ ቀስት ጐብጦ ያገኘዋል፤ በተፈጥሮው ውስጥ ግን መስመሩ ቀጥ ያለ ነው። ደግሞም የተፈጥሮውን ሰንፔር በብርቱ ሙቀት አግለው ቀለሙን የሚያሳምሩ አሉ። ይህ እውነተኛ ድንጋይ ነው፤ ነገር ግን እሳት ሳይነካው እኩል የሚያምረው በዋጋ ስለሚበልጥ፥ ሻጭ መጋሉን ሳይሰውር መናገር ይገባዋል።

በመጨረሻም አንድ ምክር አለ። ፍሬድሪክ ሞስ በ1812 ዓ.ም. ባወጣው የጥንካሬ መለኪያ አልማዝ 10፥ ሰንፔር 9 ነው፤ ስለዚህ ኳርትዝን ይጭራል። ይህን የሰማ ሰው ግን በመዶሻ ልፈትነው ቢል ይሰብረዋል፤ አለመጫር ሌላ፥ አለመሰበር ሌላ ነውና። በምድጃ እሳትም መፈተን ሊያሰነጥቀው ይችላል። ድንጋይ ያገኘ ሰው አጥቦ፥ በፀሐይ ብርሃን አሻግሮ አይቶ፥ በትክክለኛ ሚዛን አስመዝኖ፥ ከአንድ ለሚበዙ አዋቂዎች ሳያሳይ አይሽጥ። መምህሩ ይህን ለተማሪዎቹ ቢያስተምር፥ ሽማግሌውም ለመንደሩ ቢያስረዳ፥ የአገሩ ሰው የድካሙን ዋጋ ሳያጣ ይቀራል።