ስልክ በእጅ ሬዲዮ

እህቶቼ፣ ባለፈው ስብሰባ አንዷ «ያኔ የእጅ ሬዲዮ ቢኖረን ለልጆቻችን እንደውል ነበር?» ብላ ጠየቀች። ከሰኔ 2013 እስከ ታህሳስ 2015 ስልክ የናፈቀው ሰው በጥያቄዋ አይስቅም።

በሬዲዮ ስልክ መደወልስ ይቻላል። ቁጥሩን ስትነኪ ድምፁ ወደ አንድ ጣቢያ ይሄዳል፤ ጣቢያው ከስልክ መስመር ጋር ስለተያያዘ ጥሪውን ያደርሳል። ቁልፉን ተጭነሽ ትናገሪያለሽ፣ ለቀሽ ትሰሚያለሽ። በዚያው ሞገድ ያለ ሁሉ ስለሚሰማ የቤት ምስጢር አይወራበትም።

ግን ጣቢያው ራሱ የሚሠራ የስልክ መስመር ይፈልጋል። እኛ ያጣነው እሱን ነው። ከእንዳ ኢየሱስ ከፍታ ላይ ሆኖ ከተማውን በሬዲዮ ማዳረስ ይቻል ይሆናል፤ ከተራሮቹ ወዲያ ግን የእጅ ሬዲዮ ብዙ አይሄድም፣ አዲስ አበባማ ጨርሶ። ፈቃድም ያስፈልገዋል፤ በዚያ ጊዜ ያለ ፈቃድ ይዞ መገኘት ምን ያመጣ እንደነበር ለእናንተ አልነግርም።

በቀይ መስቀል በኩል ተሰልፈን ያገኘናት የሳተላይት ስልክ የሠራችው የከተማውን መስመር ስለማትፈልግ ነው። እኔ ልጄን «በልተሻል?» ብዬ ዝም አልኩ። እሷም ዝም አለች። ከኋላዬ ሰልፉ ረጅም ነበር።